የቅንጨ መጥረጊያ

ባለፈው ሰኔ ሚኒሶታ፣ ሪችፊልድ ውስጥ አንድ የኒካሕ ሰርግ ላይ ተጠርቼ ነበር። በተቀመጥሁበት ጠረጴዛ መሐል፣ በረጅም ብርጭቆ ውስጥ፣ ጥቃቅን ነጭ አበባ ያወጣ ቅርንጫፍ ታጭቆ ቆሟል። ልጄ ሐያት በኋላ እንደነገረችኝ እዚህ አገር ለሙሽራ የሚገዛ፣ ዋጋውም የማይቀመስ አበባ ነው። እኔ ግን ስሙንም ዋጋውንም ሳልሰማ መዳፌን አሳከከኝ። ጭንቅላት ቢረሳ እጅ አይረሳም። ከጠረጴዛው ማዶ ነጭ ኮፍያ ያደረገ ሽማግሌ ብድግ አለና ቅርንጫፎቹን ከብርጭቆው እየመዘዘ ወንበሩ ሥር ይከምር ጀመር። አበባውን ይዞ አይደለም የሚመዝዘው፤ ጣቶቹን ወደ ታች ሰዶ፣ ከግንዱ መጨረሻ ይዞ ነው። እንደዚያ የሚነቅል ሰው አረም ያረመ ሰው ብቻ ነው።

"ወላሂ፣ ቅንጨን ውሃ እያጠጡ ሲያሳድጉ ዛሬ ገና አየሁ" አለ ለማንም ሳይሆን። "ይኸ ሕዝብ ጠግቧል።"

ቅንጨ እኛ አገር፣ ወሎ ውስጥ፣ ገበሬን ከመሬቱ የነቀለ አረም ነው። አበባው እንደ ተከካ እህል ደቃቅና ነጭ ስለሆነ ይመስለኛል ስሙን ያገኘው። የብርጭቆው አበባ ቅንጨ እንዳልሆነ አሁን አውቃለሁ፤ መልኩ ግን መንትያው ነው። ሰውየውንም ያወቅሁት በመልኩ ሳይሆን በድምፁ ነው።

"ይማም!" አልሁት።

ዓይኑን አጥብቦ አየኝ። "ማነህ?"

"ሰይድ ነኝ።"

"የቱ ሰይድ? ሰይድ መጥረጊያው?" ብርጭቆውን አስቀመጠና ጠረጴዛውን ዞሮ መጣ። "አንተ ሰውዬ፣ አልሞትህም እንዴ?"

"አንተ ሳትሞት እኔን ምን አጣደፈኝ?"

ተቃቅፈን ቆምን። ማሳችን ድንበር ለድንበር ነበር። በበረዶው ወራት ልጁ ከአገር ቤት አስመጥታው አሁን ስኔሊንግ አቨኒው አካባቢ ከእሷ ጋር ነው የሚኖረው። ይህን እየነገረኝ ሳለ ሐያት ሳህን ይዛ መጣች። "የአገሬ ሰው ነው፤ ይማም ይባላል" አልኋት። ልጅቷ ዓይኗ ፈጠጠ። ሳቋም መጣ።

"ዌይት፣ አባ! ዘ ይማም? ሌዚ ይማም?" አለች። ሰነፉ ይማም ማለቷ ነው።

"ምን አለች?" አለኝ ይማም።

"በስም አውቃቸዋለሁ ነው የምትል።"

"ከየት አውቃኝ?"

"ስላንተ አጫውቻቸው።"

ፊቱ በራ። "አየሽ የኔ ልጅ" አላት፣ "ከመጣሁ ጀምሮ ሰው የማያውቀው ዕቃ ሆኜ ነበር። ለካ ስሜ ቀድሞኝ ሚኒሶታ ገብቷል!"

ስንመለስ ሐያት ናት የምትነዳው። ወደ ቤታችን፣ ወደ ሆፕኪንስ፣ ተቃርበናል። ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ "አባ፣ ዩ ላይድ" አለችኝ። ዋሸህ ማለቷ ነው።

"ዝም ብለሽ ድራይቭ አድርጊ" አልኋት።

ልጆቼን ጠንክሬ ነው ያሳደግሁ፤ አልጸጸትበትም። ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ፣ እንግሊዝኛውን አየር ማረፊያው የታክሲ ሹፌሮች ሰልፍ ላይ ተራዬን እየጠበቅሁ ከመዝገበ ቃላት ለቅሜ የተማርሁ ሰው ነኝ። እኔ እንዲህ ከሆንሁ እናንተ ምን ምክንያት አላችሁ እላቸው ነበር። በቤታችን ይማም የሰው ስም አልነበረም፤ የስንፍና ስም ነበር። አልጋውን ያላነጠፈ ይማም ነው። የቤት ሥራውን ያልሠራ ይማም ነው። "አረም የበላው ገበሬ ነበር፣ ተኝቶ" እያልሁ ነው ያሳደግኋቸው። ከልጄ ከጀማል የተወለዱት ልጆች አማርኛ አይሰሙም፤ ግን "ዶንት ቢ ኤ ይማም"፣ ይማም አትሁን፣ ይባባላሉ። እኔ ያስተማርኋቸው ብቸኛው የአማርኛ ቃል እሱ መሆኑን ሳስብ ያን ዕለት አፈርሁ። ዘንድሮ ደግሞ ሐጅ ልሄድ ነይቻለሁ። ሐጅ የሚሄድ ሰው ከመነሣቱ በፊት የበደለውን ሁሉ አግኝቶ "አፉ በለኝ" ማለት አለበት። ፈጣሪ የራሱን ሐቅ ይምራል፤ የሰውን ሐቅ ግን ራሱ ባለሐቁ ካልማረ ማንም አይምረውም። የበደልኋቸውን ሰዎች ስም ወረቀት ላይ ዘርዝሬ ይቅርታ ስለምን ሰንብቼ ነበር፤ የይማምን ስም አልጻፍሁትም። የት አገኘዋለሁ ብዬ ነበር ምክንያቴ።

እኔና ይማም ገበሬ በነበርንበት ዘመን የባቲን ሰኞ ያላየ ሰው ገበያ አየሁ አይበል። ከታች አፋሩ ግመሉን እየነዳ ይወጣል፣ ከላይ የደጋው ሰው ገብሱን ጭኖ ይወርዳል፣ እኛ የመሐሎቹ ማሽላና ጤፋችንን ይዘን እንገናኛለን። ኮንጎ ጫማ በሦስት ብር ይገዛ ነበር፤ አዲሱ ጎማ ፀሐይ ሲመታው የሚሸተው ሽታ እስከ ዛሬ የሀብት ሽታ ይመስለኛል። የቴትሮን ሸሚዝ የለበሰ ጎረምሳ ክሩ እንዳይተረተርበት አንገቱን አያዞርም። ሽርጡን እንደ አፋር ከፍ አድርጎ የሚያገለድም ነበረ፣ እንደ ሼህ ዝቅ አድርጎ የሚያገለድም ነበረ፤ እኔ እንደ ገበያው ሁኔታ እለዋውጠው ነበር። ሻይ ቤቱ ሬዲዮኑን እንደ ሕፃን ልብስ አሰፍቶለት ጥግ ላይ ሰቅሎታል፣ የካኪ ልብስ፣ ለጆሮው ብቻ ቀዳዳ የተተወለት። አሁን የልጅ ልጆቼ ስልካቸውን ልብስ ሲያለብሱት ያንን ሬዲዮ አስባለሁ። ሰው የወደደውን ማልበስ አይተውም።

ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ወንፈል አለ። ወንፈል ማለት ዛሬ ያንተን ማሳ፣ ነገ የእኔን እየተዘዋወርን አብረን ስናርም ነው። ከፊት ሆኖ የሚዘፍነው ይማም ነበር። ድምፁ ሸካራ ቢሆንም እጅን ያስከትል ነበር። ራሱ ከገጠማቸው አንዷ አሁንም በጆሮዬ አለች፦

ሥሩን ትቶ ቅጠል የሚቀነጥስ ሰው፣
ዘንድሮ ቢያሳምር ከርሞ ምን ሊያቀምሰው?

ሰነፍ እንዲህ አይገጥምም። እውነቱን ለመናገር፣ ጤዛው ሳይረግፍ ማሳ የሚገባው ይማም ነበር። እኔ ከፀሐይ በኋላ ነበር የምደርሰው። አረም እንዴት እንደሚያዝ ያሳየኝም እሱ ነው፦ ዝናብ ባባራ ማግስት፣ አፈሩ ሳይደርቅ፣ ከአንገቱ ሳይሆን ከሥሩ፣ አበባ ከማውጣቱ በፊት። ዛሬ ከማንም ጋር ስለ አረም ብከራከር የማሸንፍበት ዕውቀት የይማም ዕውቀት ነው።

ቅንጨ የመጣው የእርዳታ እህል የጫነ ያ ሁሉ መኪና በመንገዳችን ያልፍ በነበረበት ጊዜ ነው። አንዳንዱ ከእርዳታ ስንዴ ጋር መጣ ይላል፣ አንዳንዱ ከጎማ ጭቃ ጋር። እኔ የማውቀው ከመንገዱ ዳር መጀመሩን ነው። እሾህ የለውም፤ ፍየል አሽትታ ፊቷን ታዞራለች፤ ሲደርቅ ግንዱ ቀጥ ብሎ ይጠነክራል፣ ቅርንጫፉ እንደ ጣት ይዘረጋል። ይህን አይቼ ነው ብልህ ነኝ ያልሁት። አጭጄ፣ አድርቄ፣ በሰሌን ገመድ አሥሬ መጥረጊያ አደረግሁት። ባቲ ይዤ ወጣሁ፤ አንዱን በስሙኒ ሸጥሁ። ቀላል ነው፣ አይወጋም፣ ደቃቅ ፍሬ ሳይቀር ይሰበስባል። የአውድማ መጥረጊያ ብሎ ሰው ተሻማበት። "ሰይድ መጥረጊያው" የሚለውን ስም ያን ጊዜ አወጡልኝ፤ ኮራሁበት።

ገበሬ ያልሆነ ሰው ጥፋቱን እንዲረዳው ልንገረው። እህል የሚወቃው አውድማ ላይ ነው። ወቅተን ስንጨርስ የተበተነውን ፍሬ ጠርገን እንሰበስባለን። ለከርሞ የምንዘራው ዘር የሚቀረውም ከዚያው ክምር ነው። የቅንጨ ዘር ከጤፍ እምብዛም የማይበልጥ፣ ጥቁር ብናኝ ነገር ነው። መጥረጊያው በጠረገ ቁጥር ዘሩ ከእህሉ ጋር ይቀላቀላል። በዓመቱ ገበሬው "ቢስሚላሂ" ብሎ፣ ጠላቱን በገዛ እጁ፣ በገዛ ማሳው ዘራው። አረሙን ከመንገድ ዳር ወደ ጤፍ መሐል ያስገባው ነፋስ ብቻ አልነበረም።

የመጀመሪያውን ዓመት አላወቅሁም፤ በዚያ ሕሊናዬ አይወቅሰኝም። በሁለተኛው ዓመት ግን መጥረጊያ የምከምርበት የቤቴ ጥግ ከዝናብ በኋላ አረንጓዴ ምንጣፍ ሆኖ አየሁት። ጎንበስ ብዬ ነቀልሁ፤ ቅንጨ ነው። ገባኝ። የራሴን የአውድማ መጥረጊያ ያን ዕለት፣ ቅዳሜ ነው፣ አቃጠልሁት። ለገበያ የታሠረ አንድ ሸክም ግን ቀርቶኛል። ለፍቼበታለሁ አልሁ። ሌላውም መሸጡ አይቀርም አልሁ። ሰኞ ይዤው ወጣሁ። ይማም ሁለት ገዛኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንዲህ ነው። የይማም ጤፍ ገና ሳይቆም ቅንጨው ላዩ ላይ ቆመ። ሁለቴ ይታረም የነበረው ማሳ አራቴ ቢታረምም አልጠራ አለ። ሚስቱ ዘይነብ በባዶ እጅ ስትነቅል መዳፏ ተላጠ፣ ዓይኗ አበጠ፣ ሳል ያዛት። ወንፈሉ ሁለት ቀን ገብቶ በሦስተኛው "እጃችን ላይ ቆዳ አልቀረም" ብሎ ቀረ፤ ከቀሩት አንዱ እኔ ነኝ። ሳሩን አረሙ ስለዋጠው ላሟ ርቧት ቅንጨ በላች፤ ወተቷ መረረ። ባቲ ላይ ቅቤ ገዢዎች በጣታቸው ቀምሰው "የይማም ነው" ብለው ያልፉ ጀመር። ማሽላው አገዳ ብቻ ሆነ። አንዱን በሬ ሸጠ፤ በቀረው ከሰው በሬ ጋር እያቀናጀ አንድ ክረምት አረሰ። ከዚያ ሁለተኛውንም ሸጠና ዘይነብን ይዞ ወደ አፋር ወረደ፣ የጥጥ እርሻ የቀን ሠራተኛ ሊሆን። ሐረር በኩል ያሉ ኦሮሞዎች ይህንኑ አረም "ፈረምሲሳ" ይሉታል፣ አስፈርሞ የሚያስለቅቅ። ይህን የነገረኝ የታክሲ ባልደረባዬ ነው፤ ስሙን ስሰማ ለደቂቃ መሪውን ይዤ ቀረሁ።

ይማም በሄደ ሰሞን ገበያው "ምን ነካው?" ሲል "ተኝቶ ነው፤ አረም የሚበላው የሚተኛን ሰው ነው" ብዬ መጀመሪያ የተናገርሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ ከስንፍና ከሆነ ከመጥረጊያ አይሆንም። ሰዉም ተቀበለኝ፤ ምክንያቱም ሁሉም ቤት መጥረጊያዬ ነበረ። ውሸት ብዙ ጊዜ የሚኖረው ለተናጋሪው ብቻ ሳይሆን ለሰሚውም ሲመች ነው። የእኔም ማሳ ከጥቂት ዓመት በኋላ ነጭ ሆነ። ማንም ግን ሰይድ ተኛ አላለም።

ከኒካሑ በኋላ አንድ ሳምንት ታገልሁና ለይማም ደወልሁለት። ሆፕኪንስ፣ ከአፓርትመንታችን አለፍ ብሎ፣ ከተማው ለነዋሪ የሚያከራየው ቁራሽ መሬት አለችኝ፤ ጎመን፣ ቃሪያና ቲማቲም እተክልባታለሁ። እዚያ አመጣሁት። መግቢያው ላይ የመጤ አረሞች ፎቶ ተለጥፏል። ይማም ቆሞ አየው።

"እነዚህ ምን አድርገው ነው የሚፈለጉት?" አለ።

"አረም ናቸው። ያየ ሰው እንዲናገር ነው።"

"እንደ ሽፍታ?" ሳቀ። "እኛ እኮ ሽፍታውን ቤት አስገብተን አውድማ አስጠረግነው።"

ነገሩን ራሱ ስለጀመረው ደስ አለኝ፤ ፈራሁም። ጓንት ሰጠሁት፣ እምቢ አለ። ጎመኑ መሐል የበቀለውን እሾሃማ አረም ከሥሩ እየፈለቀቀ ያወጣ ጀመር። እኔም አጠገቡ ተንበረከክሁ።

"ይማም፣ ሐጅ ነይቻለሁ።"

"አላህ ይቀበልህ።"

"አፉ በለኝ።"

"አፉ ብዬሃለሁ" አለ ቀና ሳይል። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው፤ ወጉ ነው። ይዤው ብመለስ ማንም አይጠይቀኝም ነበር።

"ለምን እንደሆነ ሳትሰማ?"

"በዚህ ዕድሜ ምን መስማት ያሻል?"

"ያሻል። መጥረጊያው ነው። የቅንጨው ዘር እህልህ ውስጥ የገባው በእኔ መጥረጊያ ነው።"

"እሱንማ ካወቅሁት ቆየሁ። ጥጥ እርሻው ላይ አንድ የግብርና ባለሙያ ነግሮናል። አላወቅህም ነበር፤ አላወቅንም።"

"አውቄ ነበር።"

እጁ አፈሩ ውስጥ እንዳለ ቆመ። "መቼ?"

"ሁለቱን የገዛኸኝ ሰኞ። የራሴን ቅዳሜ አቃጥዬው ነበር።"

አንድ አረም ነቀለ፣ አፈሩን አራገፈ፣ አስቀመጠ። ሌላ ነቀለ።

"ዘይነብ፣ አላህ ይዘንላትና፣ መጥረጊያህን ትወደው ነበር" አለ። "‘የሰይድ ቀላል ነው፣ ወገብ አያሳምምም’ ትል ነበር።" ከዚያ "ሌላስ አለ?" አለኝ።

"አለ።" ገበያ ላይ ያልሁትን ነገርሁት። ልጆቼን በስሙ ማሳደጌን ነገርሁት። ሐያት ኒካሑ ላይ ያለችው "በስም አውቃቸዋለሁ" ሳይሆን "ሰነፉ ይማም" እንደነበረ ነገርሁት።

መሬት ላይ ተቀመጠ። "እኔ እኮ ቤት ገብቼ ለልጄ ነገርኋት" አለ። "ሚኒሶታ ውስጥ ስሜን የሚያውቅ ቤት አለ ብዬ። በመስኮት እያየሁ ሳምንቱን ሙሉ ደስ ብሎኝ ነበር።"

የነቀለውን አረም ገፋ አድርጎ ወደ እኔ ዞረ።

"ስማኝ ሰይድ። ለመጥረጊያው አፉ ብዬሃለሁ፣ ለሰኞውም ቢሆን። መሬቱን አላህ ሰጠኝ፣ አላህ ወሰደብኝ፤ ያንተም ሄዷል። ስሜን ግን አላህ አልወሰደብኝም። የወሰድኸው አንተ ነህ። ከወሰድህበት ቤት መልሰው። ያን ቀን አፉ እልሃለሁ።"

በማግስቱ እሑድ ነበር። ሐያትን፣ ጀማልንና ልጆቹን ለምሳ ጠራሁ፤ ይማምን ራሱን መሐል አስቀመጥሁት። ምግብ ከመቅረቡ በፊት ቆምሁ። ልጆቼ ፊት ተቀምጬ እንጂ ቆሜ ተናግሬ አላውቅም። ለትንንሾቹ ሐያት እንድታስተረጉም አዘዝኋት። ከመጥረጊያው ጀምሬ ሁሉንም ተናገርሁ። ቅዳሜን አልዘለልሁም። ሰኞን አልዘለልሁም። ከመንደሩ ቀድሞ ማሳ የሚገባው ይማም እንደነበረ፣ እኔ ከፀሐይ በኋላ እንደምደርስ ተናገርሁ። በመጨረሻም "ስለዚህ ሰው ዋሽቻችኋለሁ" አልሁ።

ሐያት አየችኝ። ልጅ አባቷን ማዳን ትወዳለች። "ሂ ሴይስ ሂ ሜድ ኤ ሚስቴክ" አለቻቸው።

እንግሊዝኛዬ ከመዝገበ ቃላት የተለቀመ ቢሆንም ይህችን አታመልጠኝም። "ሚስቴክ አላልሁም" አልኋት። "ስህተት የመጀመሪያው ዓመት ነው። መኪና ውስጥ ለእኔ ያልሽኝን ቃል በያቸው።"

ጀማል አንገቱን ደፋ። ሐያት ወደ ልጆቹ ዞረችና ቃሉን ሳትሸራርፍ አጥርታ አለችው፦ "ሂ ላይድ።"

ይማም ቃሉን ባያውቀውም ከፊታቸው አነበበው። ተነሥቶ እጄን ያዘ። "አፉ ብዬሃለሁ። በልጆችህ ፊት" አለ። ከዚያ ዞር ብሎ "አሁን ይህ ምሳ ይቀርባል ወይስ እሱንም ልታርሙት ነው?" አለ፤ ቤቱ ሳቀ።

ምሳው መሐል የጀማል ትንሿ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ፣ በእንግሊዝኛ ማለቴ ነው፣ አንድ ነገር ጠየቀች። አልጋውን የማያነጥፍ ሰው ከእንግዲህ ምን ይባል ነው ጥያቄዋ። ሐያት ለይማም ስትተረጉምለት ጉርሻውን ሳያቋርጥ መለሰ።

"ሰይድ በሉታ።"

ትናንት ልጆቹ እኛ ቤት አድረው ነበር። ጧት ከተኙበት ክፍል አንዱ ሌላውን ሲቀሰቅስ ሰማሁ፦ "ጌት አፕ! ዶንት ቢ ኤ ሰይድ!" በሌላ ጊዜ ቢሆን የአያቱን ስም እንዲህ የሚጠራ ልጅ ቁርሱን በሰላም አይበላም ነበር። ዛሬ ግን አልጋዬን አነጠፍሁና ወጣሁ።